ከቀጨኔ ያመጣነው ጭቃ

«እማዬ፣ የጀበና ፋብሪካው የት ነው?»

ይህን የጠየቀችኝ ትልቋ ልጄ ናት። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ወሩ ጥር ነበር። ቡናው ፈልቶ ሳወርደው ጀበናው ከእጄ አመለጠና አንገቱ ከሆዱ ተለየ። ልጄ ገሉን ከወለሉ ላይ እየለቀመች፣ ሌላ ከፋብሪካው እንድንገዛ መከረችኝ። በጊዜው ስቄ ዝም አልኋት። ማታ ሳስበው ግን ሳቄ ወደ እፍረት ተለወጠ። ይህች ልጅ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ከጀበና ቡና ሲቀዳ ታያለች። የበዓል ወጥ በሸክላ ድስት ሲሠራ ታያለች። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን እንኳ እንጀራው የሚሰፋበት ገጹ ሸክላ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ዕቃ ጀርባ የሰው እጅ መኖሩን አታውቅም። ማን ይንገራት? እኔ እናቷ አልነገርኋትም።

በዚያው ሰሞን ሌላም ሐሳብ ይዞኝ ነበር። ልጄ ስምንት ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ቀርቷት ስለ ነበር ነጋ ጠባ የምትጠይቀኝ ስለ ልደቷ ነው። የክፍል ጓደኞቿ ልደት ሲከበር አይታለች። አዳራሽ ይከራያል፤ ጣሪያው በፊኛ ይሞላል፤ ልጆች የሚዘሉበት በአየር የተነፋ መጫወቻ ይመጣል፤ ኬኩ ሦስት ደርብ ይሆናል። ዋጋውን ጠያይቄ ነበር። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቀው የወር ደመወዝ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ የሚሰጥ አይደለም። ይህን ለልጅ ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ እንደ እኔ በደመወዝ የምታድሩ እናቶች ታውቁታላችሁ።

የተሰበረው ጀበና ለሁለቱም ጥያቄ አንድ መልስ ሰጠኝ። ልደቱን በቤታችን እናደርገዋለን፤ ልጆቹም በገዛ እጃቸው ሸክላ ይሠራሉ። ጭቃውን ለማምጣት ደግሞ ልጄ ራሷ አብራኝ ትሄዳለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ከፒያሳ በታክሲ ሽቅብ ወደ ሰሜን ማዘጋጃ፣ ከዚያም በእግር ወደ ቀጨኔ ወጣን። ቀጨኔ በስተሰሜን በኩል ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። መንገዱ ዳገት ነው። ቀና ሲሉ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ ዘወር ሲሉ ደግሞ ከተማው ይታያል። ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች አጎንብሰው ሲወርዱ መንገድ ለቀቅንላቸው። ከአንድ ግቢ የሽመና ዕቃ ድምፅ ይሰማ ነበር። ልጄ ቆማ አዳመጠችና «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለችኝ። በበሩ ቀዳዳ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲልክ አሳየኋት። የለበስሁት ነጠላ እንደዚያ ተሠርቶ እንደ መጣ ስነግራት ጫፉን ይዛ እያገላበጠች ተመለከተችው።

ስለ ሰፈሩ ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ወደ ከተማይቱ መጥተው ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ቀጨኔ ነው። ከተማው የለበሰው፣ ያበሰለበትና ውሃ የቀዳበት በእነዚህ ሰዎች ሙያ ነበር። ዳሩ ግን ሙያቸው እየተፈለገ ሰዎቹ ሲናቁ ኖረዋል። በብዙ የአገራችን ክፍል የእጅ ሙያተኛ የእርሻ መሬት አይሰጠውም፣ አይጋቡትም፣ በማዕድ አብረውት አይቀርቡም ነበር። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ማለት እንደ ጨዋታ ይቆጠር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ከአንዳንዱ ቤት ዛሬም አልወጣም።

ሸክላ ሠሪዎቹ የሚሠሩበት ቦታ በቆርቆሮ የተከደነ ሰፊ ዳስ ነው። ሴቶች በየፊናቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ የደረቀውን አፈር ትወቅጣለች፤ ሌላዋ ትነፋለች፤ ሦስተኛዋ ከተሰባበረ ሸክላ የተፈጨ ገል ጨምራ በውሃ ታቦካለች። ገሉ የሚጨመረው ጭቃው ሲደርቅና እሳት ሲገባ እንዳይሰነጠቅ ነው። የሸክላ ሠሪ መዘውር ዳሱ ውስጥ የለም። የሴትየዋ ሁለት እጅ ብቻ እየዞረ ከአንድ ድብልብል ጭቃ የጀበና ሆድ ያወጣል። አንገቱና እጀታው ኋላ ይቀጠላል። ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ጠጠር እያሹ ያለሰልሱታል። ጥላ ሥር ከደረቀ በኋላ በባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል እሳት ይቃጠላል። ልጄ የያዘችውን የተሰበረ ጀበና ገል ከቦርሳዋ አውጥታ ለአንዲት እናት ሰጠቻቸው። «ይኼ ይጠቅማችኋል?» አለቻቸው። ሴትየዋ ሳቁና «ምን ጠፍቶ! ተፈጭቶ ሌላ ጀበና ይሆናል እንጂ» አሏት።

እኒህ እናት ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ ይመስለኛል። ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው መሥራት የጀመሩት በሰባት ዓመታቸው እንደ ነበር ነገሩን። የመጣንበትን ጉዳይ ስነግራቸው ግራ ገባቸው። «ለልደት? ጭቃ?» አሉኝ ደጋግመው። ከዚያ ቡና አፍልተው ኖሮ አንድ ስኒ ቀድተው ዘረጉልኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። እጄ ለአንድ አፍታ ዘገየ። ልጅ ሳለሁ አያቴ «ሸክላ ከሚሠራ ሰው ቤት ምንም አትቅመሺ» ይሉኝ ነበር። ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ልጆች ወልጄ፣ ያ ቃል ከውስጤ የወጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ተኝቶ ኖሯል። ሴትየዋ መዘግየቴን አይተዋል። አልተቆጡም። «አዪ ልጄ፣ ጀበናዬን ይገዛሉ፤ ቡናዬን ይፈራሉ» አሉ፣ ስኒውን እንደ ዘረጉ። ተቀብዬ ጠጣሁ። ሦስቱንም ጠጥቼ ተነሣሁ። ልጄ ከጎኔ ቆማ ፊቴን ትመለከት ነበር። ከእኔ የምትወርሰው የአያቴን ቃል ይሁን ወይስ የዚያን ቀን ቡና የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት እንደ ነበር አሁን ይገባኛል።

ተስማማን። ስምንት ኪሎ የሚሆን የተቦካ ጭቃ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡን። በልደቱም ቀን መጥተው ልጆቹን ሊያሳዩልኝ ቃል ገቡ። የቀን ዋጋቸውንም አስቀድመን ተነጋገርን። እናቶች ሆይ፣ ባለሙያ ስትጋብዙ ይህን አትርሱ። ጥሪያችሁ አክብሮት ቢሆንም የእርሳቸው ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው። እንግዳ ናቸው ተብሎ ዋጋቸው አይቀርም።

ጥሪውን ለአሥራ ሁለት ልጆች አደረስሁ። አሥራ አንዱ ቤተሰብ በደስታ ተቀበለኝ። አንዷ ጎረቤቴ ግን ከበር ላይ መለሰችኝ። ልጇ ከልጄ ጋር በአንድ ክፍል የሚማር፣ ውሎው ከእኛ ግቢ የማይጠፋ ወንድ ልጅ ነው። «ልጄን ሸክላ ሠሪ ልታደርጊብኝ ነው?» አለችኝ እየሳቀች። ሳቋ ግን ከአፏ አላለፈም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሴትየዋ እቤትሽ ድረስ ይመጣሉ አሉ?» ብላ ጨመረች። የምትለው ገባኝ። ልቆጣት ፈልጌ የዘገየች እጄ ትዝ አለችኝና ቁጣዬን ዋጥሁት። «ብትመጡ ደስ ይለናል» ብያት ተመለስሁ።

የልደቱ ቀን በትምህርት ቤት እረፍት ላይ ዋለ። የሳሎናችንን ምንጣፍ ጠቅልለን አነሣን። ወለሉ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ዘረጋን፤ በላዩ አሮጌ ጋዜጣ አነጠፍን። ለእያንዳንዱ ልጅ የአባቱን አሮጌ ሸሚዝ ይዞ እንዲመጣ አስቀድመን ነግረን ነበር። ሸሚዙ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሲለበስ ጥሩ ሽርጥ ይሆናል። በየሁለት ልጁ መካከል ውሃ የያዘ ጣሳ አስቀመጥን። ለጭቃ ማጠቢያ ደግሞ ሁለት ሳፋ በረንዳው ላይ ተዘጋጀ። ጭቃ የታጠበበት ውሃ በቧንቧ መታጠቢያ ውስጥ መደፋት የለበትም። ጭቃው ታች ይረጋና መውረጃውን ይደፍነዋል። የእኛን ለአትክልቱ ደፋነው።

እማማ በሰዓታቸው መጡ። ልጆቹ ከብበዋቸው ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ያህል ጭቃ ደረሰው። የቀረውን ለሚበላሸው መተኪያ አስቀመጥን። እማማ ብዙ አልተናገሩም። ድብልብል አድርገው አሳዩ፤ ልጆቹ ደበለበሉ። አውራ ጣታቸውን በመካከሉ ከተው እያዞሩ ሰፋ አደረጉት፤ ልጆቹም እንዲሁ አደረጉ። ከእጃቸው ስኒ ሲወጣ የነበረውን ጩኸት ለመግለጽ ያስቸግረኛል። «ግድግዳው ከጣት አይወፍር፤ ከወረቀትም አይሳሳ» አሉ እማማ። ጥፍሩን እየቧጨረ ጌጥ ያወጣ ነበር። የባቄላ ፍሬ ተጭኖ አበባ የሠራ ነበር። አንዷ ልጅ ሦስት ጊዜ ፈርሶባት እንባዋ መጣ። እማማ እጃቸውን በእጇ ላይ አድርገው አራተኛውን አቆሙላት።

ትንንሾቹ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት የቤታችን ልጆች፣ ጭቃው ቶሎ ስለሚሰለቻቸው ሌላ ሥራ አዘጋጅቼላቸው ነበር። አሮጌ ነጠላ ቀድጄ፣ ሦስቱን ጥብጣብ እንደ ሹሩባ እየጎነጎኑ፣ ጫፉን አገጣጥመን በመስፋት የጀበና ማቶት እንዲሠሩ አደረግሁ። እግራቸውን ዘርግተው የጎነጎኑት ሦስት ማቶት ዛሬም ወጥ ቤታችን አለ።

ሥራው በተጀመረ ግማሽ ሰዓት ገደማ የጎረቤቴ ልጅ በጓሮ በኩል ገባ። ማንም አልጠራውም። የአባቱን ሸሚዝ እንኳ አልያዘም። ልጄ የራሷን ጭቃ ቆርሳ ሰጠችው። እርሱም ስኒ አልሠራም። ቀንድ ያላት፣ ሆዷ የሰፋ ላም ሠራ። እናቱ ልትፈልገው ስትመጣ ክንዱ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ የላሟን እግር ሲቀጥል አገኘችው። በር ላይ ቆመች። «ተነሥ» አላለችውም። እኔም «ግቢ» ከማለት በቀር አልጨመርሁም። ገብታ ዳር ካለው ወንበር ተቀመጠች።

ኬክ አልነበረም። ድፎ ዳቦ ተቆርሶ፣ ፈንዲሻ ተፈንድቶ፣ ቆሎና ሻይ ቀርቦ ነበር። በድፎው ላይ ስምንት ሻማ ተከልን። ልጄ ሻማውን በጭቃ እጇ ይዛ ስታጠፋ የተነሣው ፎቶግራፍ ከልደቷ ፎቶግራፎች ሁሉ የምትወደው ነው። ለትልልቆቹ ቡና ቀረበ። ጎረቤቴ «ልቤ አይወድም» ብላ ሳትቀበል ቀረች። እማማ የእኔን ስኒ ተቀብለው ጠጡ፤ ወደ እርሷም አልተመለከቱም። ነገሩ ለእርሳቸው አዲስ እንዳልሆነ ሳይ ልቤ አዘነ። ስትወጣ ግን የልጇን ላም በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ቀንዷ እንዳይሰበር በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች። «የት ነው የምናደርቀው?» አለችኝ።

ሥራው በዚያ ቀን አላበቃም። ሸክላ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሥራ ሁለቱን ዕቃዎች ፀሐይ በማያገኘው መደርደሪያ ላይ ደርድረን ስምንት ቀን አቆየናቸው። ፀሐይ ላይ የወጣ ጭቃ ውጭው ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚቀር ይሰነጠቃል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት እየመጡ የእያንዳንዱን ቀለም መለወጥ ያዩ ነበር። ያልተቃጠለ ሸክላ ውሃ አይዝም፤ ከደረቀም በኋላ ውሃ ቢፈስበት ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ የጨዋታው መጨረሻ እሳት ነው። እሳቱ ደግሞ ያለው ቀጨኔ ነው።

በሁለተኛው ጉዞ ሰባት ልጆችና አራት እናቶች ሆነን ወጣን። ከአራቱ አንዷ ጎረቤቴ ነበረች። «ልጁ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው» አለች፤ እኔም አልጠየቅኋት። እማማና ጓደኞቻቸው የእኛን ከእነርሱ ጀበናና ድስት ጋር አሰልፈው፣ ቅጠልና እንጨት ከምረውበት ለኮሱት። ልጆቹን ራቅ አድርገን አስቀመጥናቸው። ወደ እሳቱ መቅረብ ለሕፃናት የተፈቀደ አይደለም። ጭሱ ሰፈሩን ሞላው። የሴቶቹ ዓይን ሲቀላ፣ ሲያስላቸው ልጆቹ አዩ። ልጄ በጆሮዬ «በየቀኑ እንዲህ ናቸው?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። ከዚያ ወዲህ ጀበና ስንገዛ ዋጋ ስከራከር ካየችኝ ቀሚሴን ትጎትተኛለች።

እሳቱ በርዶ ዕቃው ሲወጣ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ደኅና ነበሩ። ሦስቱ ፈንድተዋል። ከፈነዱት አንዷ ያቺ ላም ነበረች። ልጁ ስብርባሪዋን ይዞ ዝም አለ። እማማ ገሉን ከእጁ ወስደው አዩትና «ሆዷ ወፍሮ ውስጧ ሳይደርቅ እሳት ገባ። የእኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር የፈነዳው» አሉት። እናቱ ከኋላው ቆማ ነበር። ጥቂት ዝም አለችና «እማማ፣ እስቲ ቀጠን የሚደረግበትን ያሳዩት» አለች። እማማ ብላ ስትጠራቸው የመጀመሪያዋ ነው። ሴትየዋ ጭቃ ቆርሰው ለልጁ ሰጡት። ትንሽ ቆይተው ሌላ ቆረሱና ለእናቱ ዘረጉላት። ወሰደችው።

ውድ እናቶች፣ ይህን የጻፍሁት የኬክ ልደት ክፉ ነው ለማለት አይደለም። የቻለ ያድርግ። ያልቻለ ግን ልጁን የሚያስደስትበት መንገድ በከተማችን ውስጥ በእግር የሚደረስበት ነው። ቀጨኔ ለሚርቃችሁ፣ የሰፈራችሁ ገበያ ላይ ስፌት የምትሰፋ፣ ጥጥ የምትፈትል እናት አትጠፋም። ስንደዶና አክርማ ገዝታችሁ፣ ባለሙያዋን ጋብዛችሁ፣ ልጆች ወስፌ እንዲይዙ አድርጉ። ወስፌ ስለት ስላለው ግን ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ። በአንድ ጊዜ ከአሥራ ሁለት ልጅ በላይ አትጥሩ፤ እጅ ይዞ የሚያሳይ ሰው አይበቃም። ሥራው ከሁለት ሰዓት አይለፍ፤ ከዚያ በኋላ ጭቃው ወደ ግድግዳ መብረር ይጀምራል። ለሚፈርስበት ልጅ መተኪያ አይጉደል። ልጆቹም ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ወለሉን ራሳቸው ይጥረጉ። ማጽዳት የሙያው ክፍል ነው። ጊዜ ካገኛችሁም በስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን ሙዚየም አሳዩአቸው። የየአገሩን ሸክላ፣ ስፌትና ሽመና በአንድ ጣሪያ ሥር ያያሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ባለሙያዋ ቡና ስትቀዳላችሁ እጃችሁ አይዘግይ። ልጆቻችሁ ያያሉና።

በሰበርሁት ጀበና ፋንታ ከእማማ የገዛሁት አሁን እቤታችን አለ። ባለፈው እሑድ እንግዳ መጥቶ «ጀበናችሁ ያምራል፣ ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጄ ከእኔ ቀድማ መለሰች። «ቀጨኔ ያሉ እማማ ናቸው የሠሩት። ውስጡ የድሮው ጀበናችን ገል አለበት» አለችው።